ሃያ ስድስት ራይት

ላቦራቶሪ መዝጋት ማለት መብራት አጥፍቶ፣ በር ቆልፎ፣ ቁልፉን ለጥበቃ ሰጥቶ መሄድ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ቀን እንኳን ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ሱቅ በአንድ ጀንበር ይዘጋል፤ ቢሮም እንዲሁ። ላቦራቶሪ ግን ወራሽ እንደበዛበት ቤት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚረከበው፣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል ተጠይቆ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ነው የሚያልቀው። ፊርማው የጎደለ ዕቃ ካለ ደግሞ በሩ አይዘጋም።

እትዬ ራይት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በዩኒቨርሲቲው የዓሣ በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ለሃያ ሰባት ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርታለች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። የፍተሻ ቅጽ ባየችበት ሁሉ፣ አንገቷ ላይ በገመድ የምታንጠለጥለውን ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ራይት ሳታደርግ አታልፍም። የማቀዝቀዣው ሙቀት ተለክቷል፣ ራይት። የዓይን መታጠቢያው ውሃ ይወርዳል፣ ራይት። እሳት ማጥፊያው ቦታው ላይ ነው፣ ራይት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቅጽል ስሟን ለስድስት ዓመት አልሰማችም ነበር። የሰማችው አንድ አዲስ ተማሪ እውነተኛ ስሟ መስሎት፣ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት «እትዬ ራይት፣ ጓንት የት ነው የማገኘው?» ሲላት ነው። ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ እሷም አብራ ሳቀች። ያኔ ገና ሳቅ ይቀላት ነበር።

ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሲወጡ የሚተካቸው ሰው አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር አልተፈለገምም፤ ፎቁ ለኮምፒውተር ክፍል ተሰጥቷል። ትእዛዙ በአንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ላቦራቶሪው ከማንኛውም አደገኛ ነገር ነጽቶ፣ የመዝጊያ ሰነዱ ተፈርሞ፣ ባዶው ክፍል ለዩኒቨርሲቲው ይመለስ ይላል። ወሬው እንደተሰማ ከየክፍሉ ሰው ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ማይክሮስኮፕ፣ አንዱ ሚዛን፣ አንዱ ደግሞ ያልተከፈተ የጓንት ካርቶን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እትዬ ራይት አልላሰችም፤ አላለቀሰችምም። ሁሉንም ቅጽ እያስሞላች አስረከበች።

ማልቀስ ትታ ነበር። ባለቤቷ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ የከተማውን ግማሽ በር የከፈተ ሰው፣ ኩላሊቱ ሲታመም አሥራ አራት ወር ከአንድ የሆስፒታል በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሮ አረፈ። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ዓይኗን እያየ «ጠንካራ ሴት ናት» አለ። ጠንካራ አልነበረችም፤ ደንዝዛ ነበር። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ድዱን በምላሱ ሲነካው የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እሷም ኑሮዋን የምትነካው እንደዚያ ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሥራ ትገባለች፤ የሚሰማት ነገር ግን የለም።

ሦስቱን ሳምንት ከጽዳት ሠራተኛዋ ከእታለም ጋር ሠራችው። ጠረጴዛውን ሁሉ በበረኪና አጥበው፣ ውሃ አልፈውበት፣ ሲደርቅ «ነጽቷል» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። የጋዝ ሲሊንደሮቹን ክዳን አጥብቀው ለአቅራቢው መለሱ። የተሰበረ ቴርሞሜትር ያለበትን ማሰሮ አሸጉ። ስም የሌለው ጠርሙስ ሲገኝ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ስም የሌለው ነገር ከሁሉም ይፈራል። ትልቁ ማቀዝቀዣ ሲሟሟ የሃያ ዓመት የዓሣ ጉበትና አንጀት ከበረዶው ብቅ ብቅ አለ። እታለም አንዱን ከረጢት አንስታ ቀኑን አነበበችና፣ «ይሄኛው ከልጄ ይበልጣል፤ ጡረታው ይከበርለት እንጂ እንዲህ ይጣላል?» አለች። እትዬ ራይት ቀልዱ ጥሩ እንደሆነ ገባት። አፏን ፈገግ አደረገችላት።

እታለም የሥራ ባልደረባዋ ብቻ አልነበረችም። በዚያ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ዘመድ እየተነነ ሲሄድ አልጋው ሥር ያልጠፋች እሷ ነች። ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ ሕመምተኛውን ታስቀዋለች፤ ስትሄድ የቆሸሸውን ፎጣ ሳትጠየቅ ይዛ ሄዳ አጥባ ትመልሳለች። ከሥጋ ዘመድ የሚበልጥ ባዳ አለ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። በላቦራቶሪው ጥግ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ጡጫ የምታህል ቡናማ ጠርሙስ ተቀምጣለች። ውስጧ ፒክሪክ አሲድ የሚባል ቢጫ ኬሚካል አለ፤ ድሮ የዓሣ ሥጋ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ከመታየቱ በፊት የሚዘጋጅበት ነው። በውሃ እንደራሰ እስከቆየ ድረስ ጨዋ ነው። ከደረቀ ግን ፈንጂ ነው። ስለዚህ እትዬ ራይት በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠርሙሷን ከነክዳኗ ትመዝናለች፤ ክብደቷ ከቀነሰ ውሃው እየተነነ ነውና ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ክብደቷን ቅጹ ላይ ጽፋ ራይት ታደርጋለች። ይህን ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ወር ሳታጓድል አድርጋለች።

ባለቤቷ በታመመበት ወር ሰኞው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ደረሰባት። ቅጹ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ያለፈውን ወር ክብደት፣ 412 ግራም፣ እንደነበረ ገልብጣ ራይት አደረገች። ነገ አየዋለሁ ብላ ነበር። ነገ ግን ሌላ ምርመራ መጣ፤ ከነገ ወዲያ ሌላ። በሚቀጥለው ወርም እዚያው ኮሪደር፣ እዚያው ወንበር፤ 412፣ ራይት። አሥራ አራት ጊዜ።

ባሏ ተቀብሮ ወደ ሥራዋ ስትመለስ የመጀመሪያው ሰኞ ቁም ሳጥኑ ፊት አቆማት። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ደርቆ ቢሆንስ? መንካቱ አደገኛ ነው፤ መናገሩ ደግሞ አሥራ አራት ውሸት ማውጣት ነው። አልከፈተችውም። 412 ብላ ጻፈች፤ ራይት አደረገች። ከዚያ በኋላም አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ውሸት ግን አልቀለለም፤ በየወሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ግራም ነበር።

ላቦራቶሪው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የደህንነት ባለሙያው መጣ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ቅጾቹን ሲያገላብጥ ቆየና የጠርሙሷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለሌላው ማስተማሪያ መሆን ያለበት ሰነድ ነው! በሃያ ስድስት ወር አንድ ግራም ንቅንቅ አላለም።»

«ክዳኑ ጥሩ ነው፤» አለች።

«ክዳኑ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ባገኝ ሕንፃውን አስወጥቼ የፈንጂ ሰዎች ነበር የምጠራው። እርስዎ ጋ ግን አልጠራም።»

በመስታወቱ በኩል በባትሪ አየት አደረጋት። ጠርሙሷ ቡናማ ናት፣ ከኋላም ናት፤ ብዙ አትታይም። ወረቀቱ ላይ «እርጥብ፤ ከሌላው ኬሚካል ጋር ይጫን» ብሎ ጻፈ። እትዬ ራይት ሲጽፍ አየችው። አፏን መክፈት እንዳለባት ታውቃለች፤ አፏ ግን የእሷ አልመሰላትም።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራቻት። ዶክተሯ ከእሷ በዕድሜ ታንሳለች፤ ፊት ለፊት የምትናገር ሰው ናት።

«በተማሪዎች ማስተማሪያ ላቦራቶሪ አንድ ቦታ አለ። አንድ ብቻ፤ አራት ሰው ፈልጎታል። እርስዎን ያቀረብኩት በሪከርድዎ ነው። ነገ የመዝጊያ ሰነዱ ከተፈረመ ሰኞ ይጀምራሉ።»

«ካልተፈረመስ?»

ዶክተሯ ጥያቄው ገረማት። «ካልተፈረመማ ሥራዎ ከላቦራቶሪው ጋር ይዘጋል። ግን ምን ሊጎድል?»

«ምንም፤» አለች እትዬ ራይት። «አመሰግናለሁ፣ ዶክተር።»

ለጡረታ አራት ዓመት ቀርቷታል። ልጇ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ቤቱን የያዘው የእናትየው ሥራ ብቻ ነው። ያን ዕለት ወሬውን በስልክ አስቀድማ ነግራት ስለነበር፣ ቤት ስትገባ ልጇ ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰችላት ነበር።

«እማዬ፣ ለአዲሱ ቦታ ይቺን የጆንያ ማሰሪያ የመሰለች የእስክሪብቶ ገመድ ትተሽ ነው የምትሄጂው። እኔ ደህና እስክሪብቶ እገዛልሻለሁ።»

«እሺ።»

«ምን ሆነሽ ነው? ደስ አላለሽም?»

«ምንም አልሆንኩም።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ልታስፈራራ ሞከረች። የጭነት መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲነጥር አሰበች፤ ጠርሙሷ ሳጥን ውስጥ ከሌላው ጋር ስትጋጭ፤ ሹፌሩን፤ አጠገቡ የሚቀመጠውን። ሐሳቡ መጣ፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ምናልባትም አልደረቀ ይሆናል አለች ለራሷ። ሆድ ይፍጀው። እራቷን በልታ ተኛች፤ ደህና እንቅልፍም ወሰዳት። በኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ያ እንቅልፍ ነው።

ሐሙስ መኪናው መጣ። ሁለት ጫኞች፣ ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ባለሙያው ከዝርዝሩ እየጠራላቸው ኬሚካሉን በየሳጥኑ ይከታሉ። አሲዱ ከአሲዱ፣ ተቀጣጣዩ ከተቀጣጣዩ፤ መሃል መሃሉ ላይ እንዳይጋጭ ፍርፋሪ ስፖንጅ። እታለም በሩ ላይ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። አንደኛው ጫኝ ሳጥን ባነሳ ቁጥር «ቀስ! ያንተ ያለህ! ወገብ ሁለተኛ አይገዛም» ትለዋለች፤ እሱም «አንቺ ካየሽኝ ምን ልሁን» ይላታል።

«ታችኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ፣ አንድ ቡናማ ጠርሙስ። እርጥብ፤» አለ ባለሙያው።

ጫኙ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጉልበቱ ቋ አለና «ይኸው እርጅና» ብሎ ሳቀ። እጁን ሰደደ።

«እጅህን መልስ።»

ሁሉም ዞሩ። እትዬ ራይት የተናገረችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ሲያዩዋት ነው። ለምን ያን ጊዜ እንደተናገረች፣ ለምን ረቡዕ እንዳልሆነ ብትጠየቅ መልስ የላትም። የእኔ ቢጤ ተራኪ እዚህ ላይ ስለ ሕሊና ጥሩ ነገር ቢናገር ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ሕሊናዋን አልሰማችም፤ የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው።

«እትዬ?» አለ ባለሙያው።

«ያ ቅጽ ውሸት ነው።»

«የቱ ቅጽ?»

«የጠርሙሷ። ሃያ ስድስቱም። አንዱንም ወር አልመዘንኳትም። ቁም ሳጥኑንም አልከፈትኩ። ባሌ ታሞ ነበር፤ ከዚያም ሞተ፤ ከዚያም ዝም ብዬ ጻፍኩ።»

የወጣቱ ፊት ደም የሚባል ጠፋበት። አልጮኸም። ጫኙን፣ «ምንም ሳትነካ ቀስ ብለህ ተነስ፤» አለው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የአደጋ ደወል ተጫነ።

የሦስቱም ፎቅ ሰው ወጣ። የመኪና ማቆሚያው በሰው ተሞላ፤ ፈተና የተቋረጠላቸው ተማሪዎች ብቻ ደስ ብሏቸው ይንጫጫሉ። ኃላፊዋ ሰውን እየገፋች መጣች።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም? ባልዎ ታሞ! አንድ ቃል ቢሉኝ ሌላ ሰው እመድብ ነበር እኮ!»

ይህ እንደሚቻል እትዬ ራይት አስባው አታውቅም ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሥራዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ አታውቅም።

«ለማስተማሪያው ላቦራቶሪ ሌላ ሰው አቀርባለሁ፤» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ቁጣም ኀዘንም ነበረበት። «ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

«እሺ።»

ለዚህም ቢሆን የተሰማት ነገር አልነበረም። የራሷን ሳይሆን የጎረቤት ወሬ የሰማች ያህል ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ከራስ ጥፍራቸው የተጀቦኑ ሁለት የፈንጂ ሰዎች ገብተው ጠርሙሷን አሸዋ በሞላበት ሳጥን ይዘው ወጡ። ከስፖርት ሜዳው ኋላ ሆን ብለው የሚያፈነዱባት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። ሰው ሁሉ ወደዚያ አፍጥጦ ቆየ። ፍንዳታው አጭርና ደረቅ ነበር፤ የጂምናዚየሙ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከዛፎቹ ላይ ወፎች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

ባለሙያው ከሜዳው ተመልሶ ወደ እሷ መጣ። እታለም አጠገቧ ቆማ ነበር።

«ደርቋል፤» አለ። «ክዳኑ ዙሪያውን በሙሉ ክሪስታል ሠርቶበት ነበር። ሰውየው አንስቶት ብቻ ቢሆን ምናልባት እንተርፍ ነበር። ክዳኑ ግን ትንሽ ዞር ቢል፣ ፍትጊያው ብቻ ይበቃው ነበር።» ይህን ብሎ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

እታለም መወልወያዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ያቺ ታች፣ ከኋላ ያለችው ናት? ክዳኗ ላይ ቢጫ ያለባት?»

እትዬ ራይት ዞር ብላ አየቻት። «ክዳኗን የት አየሽው? መስታወቱ እኮ ተቆልፏል።»

«ቁልፉ መሳቢያሽ ውስጥ አይደል። አንቺ ሆስፒታል ስትንከራተቺ መደርደሪያው አቧራ ያዘ። ሰው አይቶ እንዳይናገርሽ ብዬ በየዓርቡ እየከፈትኩ እወለውልልሽ ነበር፤ ሁሉንም እያነሳሁ። ያቺኛዋ ክዳኗ ላይ ቢጫ ነገር ወጥቶባት አየሁና የምትፈስ መሰለኝ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳትና አጠበቅኳት።»

«አጠበቅሻት?»

«አዎ። ሁለት ሦስቴ። አንዴማ እምቢ ብላኝ ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው ያጠበቅኳት።»

እርጥቡ ጨርቅ ነው ያዳናት። እትዬ ራይት ይህን ወዲያው አወቀች፤ ሥራዋ ነውና። እርጥብ ጨርቅ፤ ምናልባትም አንድ ማንኪያ የማይሞላ ውሃ።

«ታውቂ ነበር?» አለች እታለም። ድምፅዋ ተለወጠ። «ሊደርቅ እንደሚችል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ወጥቼ እየገባሁ፣ እያየሽኝ፣ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ያን ጊዜ መጣ። ባሏ ሲሞት ያልመጣው፣ ረቡዕ ማታ ብትጠራው እምቢ ያለው ፍርሃት በአንድ ጊዜ ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ይህችን ሴት ልትገድላት ነበር፤ ሾርባ ይዛ የመጣችውን፣ ፎጣውን ያጠበችውን፣ ለእሷ ብላ መደርደሪያ የወለወለችውን። እታለም ክዳኑን ባጠበቀችበት ወርም እሷ 412 ብላ ራይት አድርጋ ነበር።

«በየትኛው እጅሽ ነው?» አለች።

«ምኑን?»

«ክዳኑን። በየትኛው እጅሽ ነው ያጠበቅሽው?»

እታለም ተናዳለች፤ ግራም ገብቷታል። ቢሆንም ቀኝ እጇን ዘረጋችላት። በረኪና የላጠው፣ ቆዳው የሻከረ፣ ጥፍሩ ያጠረ እጅ ነው። እትዬ ራይት በሁለት እጇ ያዘችው። አውራ ጣቱን ነካች። ቀጥሎ ያለውን ነካች፤ መሃለኛውን፣ የቀለበት ጣቱን፣ ትንሿን። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ነካካቻቸው።

«ልቀቂኝ፤» አለች እታለም።

መልቀቅ እንዳለባት ታውቃለች። እጇን ግን መፍታት አቃታት፤ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ ያን እጅ ግንባሯ ላይ አስደግፋ፣ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እታለም እጇን ልትነጥቅ ሞከረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ እጇን ትታላት ቆመች።